«የቱ አንቀጽ?» ሲሏችሁ ዝም እንዳትሉ፦ መሠረታዊ ነጻነቶችን ማወቅ ለሚፈልግ ተማሪ

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው። ሦስት ሆነን ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግር እየሄድን ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ፖሊሶች አስቆሙን፣ አይዲ አሉ አሳየን፣ ከዛ አንደኛው ጓደኛዬን «ስልክህን ክፈተው» አለው። ጓደኛዬ ደግሞ አፉ አያርፍም፣ «ሕገ መንግሥቱ እኮ አይፈቅድም» አለ። ፖሊሱ አልተቆጣም፣ እንደውም ፈገግ ብሎ «የቱ አንቀጽ?» አለው። ዝም። እኔም ዝም። ሦስተኛው ልጅ ጫማውን ማየት ጀመረ። ስልኩ ተከፈተ፣ ጋለሪው ወደላይ ወደታች ተደረገ፣ የእህቱ ቀለበት ፎቶ ላይ ሲደርስ «የማን ሰርግ ነው?» ምናምን ተባለና ተመለሰልን።

ዶርም ገብተን ፈለግነው፣ አንቀጽ 26 ነው። ያን ሰዓት 26 ብንል ስልኩ አይከፈትም ነበር እያልኩ አይደለም፣ ከሲቪክስ መጽሐፍ ላይ ስንት ዓመት ስንሸመድድ ኖረን አንዱንም በቁጥሩ አለማወቃችን ነው ያናደደኝ። ፈተና ላይ «መብት ምንድነው? ዓይነቶቹን ዘርዝር» ሲሉን እንዘረዝራለን፣ መንገድ ላይ ግን ማንም ዘርዝር አይልም። ስለዚ ከዛ በኋላ እኔ እንዴት እንዳነበብኩትና እንዴት እንደምጠቀምበት በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ጽሑፉን እጃችሁ አስገቡ

ስለ ሕገ መንግሥቱ የሚያወራ ቪዲዮ ሳይሆን ራሱን ሕገ መንግሥቱን። አዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ሥራ ላይ የዋለው። የ1923ቱ፣ የ1948ቱ እና የ1980ው ታሪክ ክላስ ላይ ያስፈልጓችኋል፣ እዚህ ግን ከነሱ ጋር እንዳታምታቱት። ፒዲኤፉ በየቴሌግራም ቻናሉ አለ፣ ወረቀት የሚወድ ደግሞ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነጋሪት ጋዜጣ መሸጫ ጎራ ይበል።

አማርኛውን አንብቡ። ይሄን የምለው ለቋንቋ ፍቅር ብቻ አይደለም፣ የመጨረሻው አንቀጽ፣ 106፣ የአማርኛው ቅጂ ነው የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው ይላል፣ ስለዚ እንግሊዝኛው ላይ ያገኛችሁት ቃል አማርኛው ላይ ከሌለ የሚያዋጣችሁ አማርኛው ነው። ጠቅላላው 11 ምዕራፍ 106 አንቀጽ ነው ብላችሁ ግን አትፍሩ፣ ለናንተ ለጊዜው የሚበቃችሁ ምዕራፍ ሦስት ነው፣ ከ13 እስከ 44። እሱን ብቻ ፕሪንት አድርጉት፣ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም። እስከ 28 ያሉትን ሰብአዊ መብቶች ይላቸዋል፣ ከ29 በኋላ ያሉትን ዴሞክራሲያዊ መብቶች። ክፍፍሉ ለፈተና እንጂ ለኑሮ ብዙ አይጠቅምም።

2. እያንዳንዱን አንቀጽ በሦስት ጥያቄ አንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ ደስ ይለዋል፣ ስክሪንሻት አድርጎ ሼር ያደርጋል። አንቀጽ ግን እንደዛ አይነበብም። እኔ ሦስት እስክሪብቶ ነው የምጠቀመው።

በሰማያዊ፦ ባለመብቱ ማነው? «ማንኛውም ሰው» የሚልና «ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዜጋ» የሚል አንድ አይደሉም። የመምረጥና የመመረጥ መብት (38) ለዜጋ ነው፣ የንብረት መብትም (40) ለዜጋ፣ ሐሳብን መግለጽ (29) ግን ለማንኛውም ሰው ነው፣ ክላሳችሁ ውስጥ ያለውን ከሱዳን የመጣ ተማሪም ይጨምራል።

በቀይ፦ «ግን»ኡ የት አለ? ብዙ ጊዜ መጨረሻው ንዑስ አንቀጽ ላይ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው።

በአረንጓዴ፦ የሚገደደው ማነው? ለዚህ 13ን አንዴ ካነበባችሁ ለሁሉም ይሠራል፣ በየደረጃው ያሉ የፌደራልና የክልል ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት ይሄን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለባቸው ይላል። በየደረጃው ሲል እስከ ታች ድረስ ነው እንግዲህ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲውም ወረዳውም እዛ ውስጥ ናቸው።

በዚሁ መንገድ 26ን እንየው። ንዑስ 1፣ ማንኛውም ሰው ግላዊነቱ ይከበርለታል፣ ቤቱ ሰውነቱና ንብረቱ አይመረመርም፣ በእጁ ያለ ንብረት አይያዝበትም። ንዑስ 2፣ የጻፋቸውና የተጻጻፋቸው፣ ደብዳቤውም የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነቱም አይደፈሩም (ይሄ ሲጻፍ አገራችን ሞባይል ገና አልገባም ነበር፣ ግን «ኤሌክትሮኒክስ» የምትለው ቃል ቴሌግራማችሁን ይዛ ቁጭ ብላለች)። ሰማያዊውና አረንጓዴው ደስ ይላሉ። ቀዩ ንዑስ 3 ላይ ነው፣ አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር በዝርዝር ሕግ መሠረት ሊገደብ ይችላል፣ ምክንያቶቹ ደግሞ የአገር ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን መከላከል፣ ጤና፣ ሞራልና የሌሎች መብት ናቸው። ስለዚ «ማንም ስልኬን ሊነካ አይችልም» ማለት ስሕተት ነው፣ «ፖሊስ ስለሆንኩ እችላለሁ» ማለትም ስሕተት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «በየትኛው ሕግ? ማዘዣ አለ?» የሚለው ነው።

ቤት ፍተሻ ላይ ለምሳሌ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መርሁ ማዘዣ እንደሆነና ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ብቻ እንደሚበረበር ይናገራል፣ ያለማዘዣ የሚፈቀድባቸውንም ጠበብ አድርጎ ያስቀምጣል፣ እጅ ከፍንጅ ተባሮ ቤት የገባ ሰው ዓይነት። የግቢ ውጪ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ይቺን ያዙ።

አንድ ነገር ግን፣ ማታ መንገድ ላይ መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር የአንቀጽ ክርክር አትግጠሙ። በትሕትና «ማዘዣ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ፣ መጨቃጨቅ ሌላ። ሰዓቱን፣ ቦታውንና የተባለውን ነገር ቤት ስትገቡ ጻፉት፣ ክርክሩ በኋላ ወረቀት ላይ ነው።

3. አንቀጽ 19ን በቃል

ከሌላው ሁሉ ይቺን በቃላችሁ ያዙ እላለሁ። የአክስቴ ልጅ አንዴ ተይዞ ነበር፣ ጣቢያውን አልጠራም፣ እኔና እናቱ ጠዋት ጠዋት ስንቅ ይዘን እንሄዳለን፣ ሽሮው በሰሃን፣ እንጀራው በፔስታል፣ በር ላይ ያለው ልጅ ሽሮውን በማንኪያ ያገላብጠዋል፣ እትዬ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። «መቼ ነው የተያዘው?» ብሎ አንድ የሰፈር ጠበቃ ሲጠይቀን እናቱ «ማክሰኞ» አሉ፣ እኔ «ሰኞ ማታ መሰለኝ» አልኩ። ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሰዓቱን ሳታውቁ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለን።

19 የሚለው ይሄን ነው። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያው በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። ላለመናገር መብት አለው፣ የሚናገረው ነገር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ከዚህ ላይ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። ከፒያሳ ልደታ ፍርድ ቤት ደግሞ የሜክሲኮ ትራፊክ የቱንም ያህል ቢከፋ ሁለት ቀን አይፈጅም። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም የሚል ቃል እዛ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ከተያዘ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አለቀ። ለዛ ነው ሰዓቱ ወርቅ የሆነው፤ ጓደኛችሁ ሲያዝ አብራችሁ ከነበራችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ልቅሶውና ስልክ መደወሉ ቀጥሎ ይደርሳል።

48 ሰዓቱ አልፎ ካልቀረበስ? ያኔ ራሱ ወይም ቤተሰብ ወይም ጠበቃ «አካል ነጻ ይውጣልን» ብሎ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ማስገባት ይቻላል፣ 19 ንዑስ 4 ነው መሠረቱ። ቀርቦስ? አብዛኛውን ጊዜ መርማሪው «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ተጨማሪ የምርመራ ቀናት፣ ይጠይቃል፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፣ ዳኛው ግን 14 ስለተጠየቀ 14 የመስጠት ግዴታ የለበትም፣ ተጠርጣሪውም እጁን አውጥቶ መናገር፣ ዋስትናም መጠየቅ ይችላል። ዋስትና መብት ነው፣ የሚከለከልባቸው ሁኔታዎች ደግሞ በሕግ የተለዩ ናቸው።

ቃል ስትሰጡ የተጻፈውን ሳታነቡ አትፈርሙ። ከተናገራችሁት የተለየ ካለ ይስተካከል በሉ፣ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል ንዑስ 5። የቤተሰብ፣ የጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ የሐኪምና የጠበቃ ጉብኝት 21 ላይ አለ፣ በር ላይ «ዘመድ ብቻ ነው የሚገባው» ስትባሉ ጓደኛም በስሙ ተጠቅሷል።

በነገራችን ላይ ፊልም ላይ ያያችሁት «አንድ ስልክ የመደወል መብት» ሕገ መንግሥታችን ውስጥ የለም። የአሜሪካንን ሕግ ጣቢያ ሄዶ መጥቀስ ያስቃል እንጂ አያስፈታም።

4. ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት

29 ሰፊ ነው፣ የመሰላችሁን ማሰብ፣ መናገር፣ መጻፍ፣ መረጃ መፈለግና መቀበል ሁሉ ውስጡ አለ፣ ቅድመ ምርመራም ክልክል ነው። ቀዩ እስክሪብቶ ንዑስ 6 ላይ ነው፣ እሱም ራሱ ገዳቢውን ይገድበዋል፣ የአንድን ሐሳብ ይዘት ወይም ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት ምክንያት አድርጎ መገደብ አይቻልም ይልና የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕግ ሊወጣ ይችላል፣ የጦርነት ቅስቀሳም ይከለከላል ይላል።

ተማሪን በቀጥታ የሚነካው ግን አዋጅ 1185/2012 ነው፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻ፣ መድልዎ ወይም ጥቃት የሚቀሰቅስ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ሐሰተኛ መረጃ ላይ ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የሶሻል ሚዲያ አካውንት ከተለቀቀ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይወጣል። የባች ግሩፕ አድሚኖች እስቲ የአባል ቁጥራችሁን እዩ። መንግሥትን መተቸት፣ ባለሥልጣንን መጠየቅ፣ ካፌው የሚያበላንን ወጥ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ጥላቻ ንግግር አይደለም። ትምህርታዊ ጥናት፣ የዜና ዘገባና የኪነጥበብ ሥራም በአዋጁ ራሱ ተለይተው ወጥተዋል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፣ ስለ ድርጊት ነው የምጽፈው ወይስ ስለ ዘር? ስለ ዘር ከሆነ እጄን እሰበስባለሁ፣ ሕጉም ባይኖር።

5. ሰልፍና አቤቱታ

አንቀጽ 30 ሦስት ነገር ነው የያዘው፦ መሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ፣ አቤቱታ። ሰው ሁሉ ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው፣ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ደግሞ የሰልፍ ታሪክ ያለው ሰፈር ስለሆነ አይፈረድም፣ በ1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት ከዚሁ ነው።

የሰልፉ ሥርዓት አዋጅ 3/1983 ላይ ነው፣ ከሕገ መንግሥቱ በፊት የወጣ። ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ፣ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን ጽፋችሁ። ልብ በሉ፣ ማሳወቅ ነው የሚለው፣ ማስፈቀድ አይልም፣ አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ በ12 ሰዓት ውስጥ መስጠት አለበት። በተግባር ግን «አልተፈቀደላችሁም» የሚለው መልስ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቴ እንደተሰማ ሁላችንም እናውቃለን፣ በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ያለውን ርቀት አይታችሁ ወስኑ፣ አንደኛ ዓመት ልጆችን ይዞ ዘሎ መውጣት ጀግንነት አይመስለኝም።

እኔን ካላችሁኝ ተማሪ ከ30 ውስጥ መጠቀም ያለበት ሦስተኛውን ነው። አቤቱታ ርካሽ ነው፣ ማንንም አያስመታም፣ የመልስ ዱካ ይተዋል።

6. ባጭሩ የሚታወቁ

ሃይማኖት፦ 27 ነጻነቱን ይሰጣችኋል፣ 90 ንዑስ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ ይሰጥ ይላል፣ ግቢ ውስጥ የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ በነዚህ ሁለቱ መሐል ነው።

ሃይስኩል ያላችሁ ታናናሾቻችን፦ 36 ሕጻናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል። አዎ፣ ጎማ ቱቦውም፣ ማንበርከኩም።

18 ከሞላችሁ ትመርጣላችሁ፣ 38።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፦ 93ን ክፈቱ። በምንም ሁኔታ የማይነኩት 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ንዑስ 1 እና 2 ናቸው። 18 ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው ነው፣ 25 እኩልነት። 19፣ 26፣ 29 እና 30 ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፣ ስለዚ በዛ ሰሞን ያወቃችሁት ሁሉ እንደ ድሮው ይሠራል ብላችሁ አትመኑ፣ የወጣውን አዋጅ አንብቡ። አዋጁ ቢበዛ 6 ወር ነው፣ ከዛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ሊያድሰው ይችላል።

7. ወዴት ይኬዳል?

ከቅርብ ጀምሩ፣ ፕሮክተር፣ ዲን፣ የተማሪዎች ኅብረት። የአስተዳደር በደል ከሆነ፣ ማለትም ዶክመንት መከልከል፣ መጉላላት፣ መልስ ማጣት፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም። የመብት ጥሰት ከሆነ፣ እስር፣ ድብደባ፣ መድልዎ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን። ሁለቱም በሕገ መንግሥቱ 55 የታሰቡ ናቸው። ፍርድ ቤት የመሄድ መብት 37 ላይ አለ፣ ተከሶ አቅም ለሌለው ደግሞ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፣ 20። «ይሄ ሕግ ራሱ ከሕገ መንግሥቱ ይቃረናል» ከሆነ ክርክራችሁ ግን መጨረሻው ፍርድ ቤት አይደለም፣ ትርጉም የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ጉዳዩን የሚያጣራለት 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ። ይሄን የሕግ ተማሪ ያልሆነ ሰው ስነግረው ብዙ ጊዜ አያምነኝም።

አቤቱታው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ከላይ በቀኝ ቀን፣ ከዛ «ለ»፣ ከዛ «ጉዳዩ፦»። የመጀመሪያው አንቀጽ ማን እንደሆናችሁ፣ ሁለተኛው ምን እንደሆነ በቀንና በሰዓት («ከፍተኛ በደል ደርሶብኛል» ሳይሆን «ጥቅምት 12 ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የዶርም ክፍላችን እኛ በሌለንበት ተከፍቶ ላፕቶፔ ተወስዷል»)፣ ሦስተኛው የተጣሰው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ከነቁጥሩ፣ አራተኛው የምትፈልጉት ነገር። የምትፈልጉትን በግልጽ ካልጻፋችሁ «ጉዳዩ ይታያል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከታች ግልባጭ።

ሁለት ኮፒ አድርጉት። ባለፈው አንዷን እህቴን ይዤ ሪከርድ ክፍል ስንገባ ሴትዮዋ አንዱን ተቀብላ አስቀመጠችና «ጨርሰሻል» አለቻት። እህቴ ሁለተኛውን ዘረጋች። «ይሄስ ለምንድነው?» አለች ሴትዮዋ። «የኔ ነው፣ ገቢ ማህተም ይመታልኝ፣ ቁጥሩንም ይጻፉልኝ» አለቻት። ሴትዮዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት፣ ማህተሙን ፈለገች፣ ቀለሙ ደርቆ ነበር፣ ሁለቴ ተፋችበትና መታችው።